ለመንገድ የምትሆን ትንሽ የብስክሌት ፖምፓ አመራረጥ

ብስክሌት እንደምነዳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «ይዣት የምዞረው ትንሽ ፖምፓ የትኛዋ ትሻለኛለች?» ይለኛል። ፎቶ ይልክና «ይቺስ?» ይላል። እኔም ሁሌ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ጎማህ ስፋቱ ስንት ነው? ቫልቩስ ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ፖምፓ የሚመረጠው ግን ከዚያ ተነስቶ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ራሴ የመጀመሪያዋን የገዛሁት መልኳን አይቼ ነው። ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም፣ ደግሞ ታብረቀርቃለች። ጎማዬ በተነፈሰ ዕለት መንገድ ዳር ተቀምጬ እየቆጠርኩ ነፋሁ። ሁለት መቶ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት። ጎማው ግን በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። በንዴት ስገፋ የቫልቩን ጫፍ አጠፍኩትና ብስክሌቴን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ። ከታች ከምታነቡት ግማሹን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ብስክሌታችሁ፣ ወይም ቢያንስ አንዱ ጎማው
- ማስመሪያ
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ወይም ስልካችሁ
- ጌጅ ያላት ትልቅ የቤት ፖምፓ፣ ከሌለ ለብቻው የሚገዛ የጎማ ግፊት መለኪያ
- ቫልቫችሁ ውስጠኛ ክፍሉ የሚፈታ ከሆነ የእሱ ትንሽ መፍቻ
- ትንሽ ፕላስተር (ለምን እንደሆነ መጨረሻው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ)

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ያዙ። ግፊት በባር ወይም በፒ.ኤስ.አይ. ይጻፋል። 1 ባር ወደ 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። እኔ እዚህ በባር ነው የምጽፈው፤ ቁጥሩ ያንሳል፣ ለማስታወስም ይቀላል።

1. ቫልቩን እዩ

ቫልቭ ማለት ከቸርኬው ወጣ ብላ የምትታየው፣ አየር የምታስገቡባት ጫፍ ናት። ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ሽሬደር ወፈር ያለው ነው፤ 8 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፣ መኪናና ሞተር ሳይክል ላይ የምታዩት ራሱ ነው። ፕሬስታ ቀጭን ነው፣ 6 ሚሊሜትር፤ ጫፉ ላይ ከመንፋታችሁ በፊት የምትፈታ ትንሽዬ ዳዶ አለችው። ሦስተኛው ደንሎፕ ይባላል፤ ለፕሬስታ የተሠራ ፖምፓ አብዛኛውን ጊዜ ይነፋዋል።

ይህ ለምን ቀደመ? የፖምፓዋ ራስ ቫልቩን ካልያዘ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ብዙ ፖምፓዎች ለሽሬደርም ለፕሬስታም ይሆናሉ፤ አንዳንዷ ሁለት ቀዳዳ አላት፣ አንዳንዷ ደግሞ ራሷ ተፈትቶ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ትገለበጣለች። መገልበጥ ያለባት ከሆነ ቤት ሳላችሁ ለቫልቫችሁ እንዲሆን አድርጋችሁ አዘጋጁት። መንገድ ላይ ያቺ ጎሚኒ ሣር ውስጥ ከወደቀች አለቀ።

ቸርኬያችሁ ጥልቅ ከሆነ ከቸርኬው በላይ የወጣውን የቫልቭ ርዝመት ለኩ። ከ1.5 ሳንቲሜትር ካነሰ ብዙ ራሶች በደንብ አይነክሱትም። ያኔ መፍትሔው ረጅም ቫልቭ ያለው ካላማዳሪያ ነው፤ ፖምፓ መቀየር አይጠቅምም።

2. ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የጎማውን ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። «28-622» የመሰለ ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዙር ዲያሜትር ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን የመጀመሪያው ነው። አጠገቡ የሚፈቀደው ግፊትም ተጽፏል።

ሁለቱንም ጻፉ። ከዚያ እናንተ በተግባር የምትነፉትን ግፊት ጨምሩበት። ክብደታችሁ፣ የምትጭኑት ዕቃና የመንገዱ ዓይነት ይለውጠዋል እንጂ በጥቅሉ እንዲህ ነው፦ ከ25 እስከ 28 ሚሊሜትር የሆነ የአስፋልት ጎማ ከ4.5 እስከ 6.5 ባር፣ ከ35 እስከ 42 የሆነ የከተማ ጎማ ከ3 እስከ 4.5 ባር፣ ከ50 በላይ የሆነ የተራራ ጎማ ከ1.5 እስከ 2.5 ባር።

*ጥንቃቄ፦* ቸርኬው የራሱ ጣሪያ ሊኖረው ይችላል። በተለይ ጎማውን ከውስጥ የሚይዝ የታጠፈ ጠርዝ የሌላቸው ቸርኬዎች ከ5 ባር በላይ አይነፉም። ጎማውና ቸርኬው የተለያየ ቁጥር ከያዙ ሁሌ ትንሹን ተከተሉ።

3. ቀጭን ሆድ ወይስ ሰፊ ሆድ?

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

አየሩ የሚታመቅበትን ቱቦ የፖምፓዋ ሆድ እንበለው። የሐኪም ቤት መርፌ አስቡ። ቀጭኗ ስሪንጅ በቀላሉ ትገፋለች፣ ግን የምታወጣው ትንሽ ነው። ወፍራሟ ብዙ ታወጣለች፣ ጫፏን በጣት ዘግታችሁ ስትገፏት ግን ክንድ ትጠይቃለች። ፖምፓም ያው ናት።

በቁጥር ላሳያችሁ። ውስጧ 20 ሚሊሜትር የሆነች ፖምፓ 6 ባር ላይ ስትደርስ እያንዳንዱ ግፊያ 19 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል። ውስጧ 30 ሚሊሜትር ከሆነ 43 ኪሎ ያህል ነው። አርባ ሦስት ኪሎ በሁለት እጅ፣ በአየር ላይ፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ! አትሞክሩት። ጎማው ግማሽ ላይ ይቀራል፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ተራራው ጎማ እንምጣ። 57 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ጎማ ውስጡ 5.4 ሊትር ያህል ነው። 2 ባር ለማድረስ ወደ 11 ሊትር አየር ማስገባት አለባችሁ። ቀጭኗ ፖምፓ በአንድ ግፊያ 15 ሳንቲሜትር የምትሄድ ከሆነ የምትሰጣችሁ 47 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ230 ጊዜ በላይ ትገፋላችሁ። ሰፊዋ 106 ሚሊሊትር ስለምትሰጥ በ100 አካባቢ ትጨርሳላችሁ። 2 ባር ላይ የምትፈልገው ጉልበት ደግሞ 14 ኪሎ ገደማ ነው፤ ማንም ይችለዋል። (ይህ በወረቀት ላይ ነው። ራሷ ውስጥ የሚቀር አየር ስላለ በተግባር ቁጥሩ ከፍ ይላል።)

ስለዚህ፦ ጎማችሁ ከ32 ሚሊሜትር በታች ሆኖ ከ4.5 ባር በላይ የምትነፉ ከሆነ ቀጭን ሆድ። ከ45 በላይ ከሆነ ሰፊ ሆድ። በመካከል ያላችሁ ሰዎች ሁለቱም ይሆናችኋል፤ እኔ ብሆን ክንዴን አይቼ እወስናለሁ። ማሸጊያው ላይ «ከፍተኛ ግፊት» ወይም «ብዙ አየር» የሚል ጽሑፍ ካለ የሚለው ይህንኑ ልዩነት ነው።

4. ርዝመቷንና እጀታዋን መርምሩ

የፖምፓዋን ቁመት አትለኩ። እጀታዋን እስከ መጨረሻው ሳቡና የተንቀሳቀሰበትን ርቀት ለኩ። አየር የሚገባው በዚያ ርቀት ልክ ነው። ኪስ ውስጥ የምትጠፋ አጭር ፖምፓ ታምራለች፤ ርቀቷ በግማሽ ሲያጥር ግን የግፊያው ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያላት ፖምፓ ለአብዛኛው ሰው መካከለኛዋ ናት።

እጀታዋን ጨብጡ። መዳፋችሁ ላይ የሚወጋ ጠርዝ ካለ ከሃምሳ ግፊያ በኋላ ውኃ ይቋጥራል። ሰውነቷ አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ርካሽ ፕላስቲክ ሲገፋ ይለመጣል፣ ጉልበታችሁም እዚያው ይባክናል።

ሲገፉም ሲሳቡም የሚነፉ አሉ። ፈጣን ናቸው፣ መጨረሻው ላይ ግን ይከብዳሉ። ለሰፊ ጎማ እሺ፣ ለአስፋልት ጎማ አልመክርም።

ትንሽ የሚታጠፍ እግርና አግድም እጀታ ያላት ዓይነትም አለች። መሬት ላይ አቁማችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ትጫኗታላችሁ። ትንሽ ትከብዳለች፣ ትንሽ ትረዝማለች፤ ቦታ ካላችሁ ግን ሳታመነቱ እሷን ውሰዱ።

5. ራሷ ላስቲክ አላት ወይስ የላትም?

ቫልቭ የሚሰበረው አየር ሲበዛ አይደለም፣ ፖምፓዋ ስትወዛወዝ ነው። ላስቲክ፣ ማለትም አየሩን ወደ ቫልቩ የምትወስድ ተለማጭ ቱቦ፣ የሌላት ፖምፓ ቫልቩ ላይ በቀጥታ ትሰካለች። እናንተ ስትገፉ ቫልቩ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። መቶ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ወይ የፕሬስታው ቀጭን ጫፍ ይጣመማል፣ ወይ ቫልቩ ከካላማዳሪያው ጋር የተጣበቀበት ሥሩ ይቀደዳል። እዚያ ላይ የተቀደደ አይለጠፍም።

ስለዚህ ከእጀታዋ ወይም ከሆዷ ውስጥ ተስባ የምትወጣ አጭር ላስቲክ ያላትን ፈልጉ። ላስቲኳ ውዝዋዜውን ትውጠዋለች፣ እናንተም በሚመቻችሁ አቅጣጫ ትይዟታላችሁ።

ላስቲኳ ቫልቩ ላይ የምትጠመዘዝ ከሆነ ግን አንድ ተንኮል አላት። ስትፈቷት አንዳንዴ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል አብራ ትፈታዋለች፤ በደቂቃዎች የነፋችሁት በአንድ «ትሽ» ይወጣል። ቤት እያላችሁ ያንን ክፍል በመፍቻው ጠበቅ አድርጉት። ጠበቅ ብቻ፤ ናስ ስለሆነ ካበዛችሁት ጥርሱ ይበላል።

ላስቲክ የሌላትን ካሁን በፊት ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሏት። አያያዙን ቀይሩ፦ በግራ እጃችሁ የፖምፓዋን ራስና ቸርኬውን አንድ ላይ ጨብጡ፣ አውራ ጣታችሁ ጎማው ላይ ይረፍ። የሚንቀሳቀሰው ቀኝ እጃችሁ ብቻ ይሁን።

6. ጌጅ ካላት አንድ ጊዜ ፈትኗት

ትንሽ ፖምፓ ላይ ያለ ጌጅ ትንሽ ነው። እስከ 11 ባር የሚያሳይ ሰሌዳ ላይ 2 ባርና 2.5 ባር በአንድ ፀጉር ይለያያሉ፤ ለተራራ ጎማ አይረባም። ቤት ካለው ጌጅ ጋር አስተያዩትና ልዩነቱን ያዙ። ባይኖራትም አትጨነቁ፤ በ8ኛው ደረጃ ያለ ጌጅ የሚሠራ ዘዴ አለ።

7. የት ትቀመጣለች?

ሦስት ቦታ አለ፦ ኪስ፣ ቦርሳ፣ ወይም ከውኃ መያዣው ሥር ባሉት ብሎኖች ላይ የሚታሰር መያዣ። መያዣው ላይ ከሆነች ከመሬት የሚረጨው አፈርና ጭቃ ይደርስባታል። ራሷ ክዳን ከሌላት አሸዋ ይገባና ጎሚኒዋን ይፍቃል። ክዳን ከሌላት ቦርሳ ውስጥ፣ በትንሽ ከረጢት ጠቅልላችሁ አኑሯት። ፕላስቲክ መያዣ ብቻውንም አትመኑ፤ ኮረኮንች ላይ ይከዳል። ላስቲክ ማሰሪያ ጨምሩበት።

8. ቤት ውስጥ ፈትኗት

ብዙ ሰው ይዘለዋል እንጂ ዋናው ይህ ነው። በገዛችሁ ዕለት እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. አንዱን ጎማ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱት።

ለ. ፕሬስታ ከሆነ ዳዶዋን ፍቱና ጫፏን በጣት ነካ አድርጉ። ተጣብቃ ከነበረ ትላቀቃለች። ካልተላቀቀች አየሩ አይገባም፣ እናንተም ፖምፓዋን ትወቅሳላችሁ።

ሐ. ራሷን ሰክታችሁ ቆልፉ። እየቆጠራችሁ ንፉ። እጀታዋን ሁሌ እስከ መጨረሻው ሳቡ፣ እስከ መጨረሻው ግፉ፤ ግማሽ ግፊያ የሚያሞቀው የፖምፓዋን ሆድ እንጂ ጎማውን አይሞላም።

መ. በየሃምሳው ትንሽ ዕረፉ።

ሠ. ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን አቁሙና በቤቱ ጌጅ ለኩ።

ከምትነዱበት ግፊት ሦስት አራተኛው ላይ ከደረሳችሁ ፖምፓዋ ታልፋለች። መንገድ ላይ ሙሉውን ማድረስ ግዴታ አይደለም፤ ቸርኬው መሬት ሳይነካ፣ ካላማዳሪያውም በቸርኬውና በድንጋይ መሃል ሳይቆነጠጥ ቤት መግባት ይበቃል። ግማሽ እንኳ ካልሞላች ዛሬውኑ መልሷት።

አሁን ፕላስተሩ። የቆጠራችሁትንና የለካችሁትን ጻፉበትና ፖምፓዋ ላይ ለጥፉት። የእኔ ላይ «180 — 4.5» ይላል። መንገድ ላይ 180 ስደርስ አቆማለሁ፣ ጌጅ አልፈልግም።

ጋዝና ባትሪስ?

አውራ ጣት የምታህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙስ ጎማን በሰከንዶች ትሞላለች። የተለመደችው 16 ግራም ናት። ችግሯ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራቷ ነው፤ ራሱን በደንብ ሳትሰኩ ከከፈታችሁት አየር ላይ ቀረ። ጋዙም ከተራ አየር ቶሎ በካላማዳሪያው ውስጥ ያልፋል፣ በማግስቱ ጎማው ላልቶ ታገኙታላችሁ። ቤት ስትገቡ አስተንፍሳችሁ በአየር ሙሉት።

በባትሪ የምትሠራዋ ምቹ ናት፣ ቻርጅ እስካላት ድረስ። ሁለቱንም የምትይዙ ከሆነ የእጅ ፖምፓዋን አትተዉ።

ጥንቃቄ

- የጋዝ ጠርሙስ ሲለቀቅ እጅግ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጓንት ወይም በጨርቅ ያዙት።
- የእጅ ፖምፓም ሆነ የባትሪዋ ስትሠራ ትግላለች። ከነፋችሁ በኋላ ራሷ አካባቢ በባዶ እጅ አትንኩ።
- ጎማው ቸርኬው ላይ ወጣ ገባ ካለ አትቀጥሉ። አስተንፍሱ፣ በእጅ አስተካክሉ፣ እንደገና ጀምሩ። ያለዚያ ካላማዳሪያው ሾልኮ ይፈነዳል።
- ጎማችሁ ካላማዳሪያ የሌለው ዓይነት ከሆነ፣ ጠርዙ ከቸርኬው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በትንሽ ፖምፓ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ያ በአንዴ የሚገባ ብዙ አየር ይፈልጋል። መጠባበቂያ ካላማዳሪያ ያዙ።

ሰው የሚሳሳትባቸው

*ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ማመን።* «እስከ 8 ባር» ማለት ፖምፓዋ ትችለዋለች ማለት ነው። የእናንተን ክንድ ማንም አልለካም።

*በክብደት መምረጥ።* ሃምሳ ግራም ቀንሳችሁ መቶ ግፊያ ትጨምራላችሁ።

*ፖምፓ ብቻ ይዞ መውጣት።* በጣም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጎማው ተበስቷል፣ ሰውየው ይነፋል፣ ይወጣል፣ ይነፋል። መጠባበቂያ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ ከፖምፓዋ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይሁኑ።

*የበሳውን ሳይፈልጉ መንፋት።* ኮፐርቶኑን ከውስጥ በጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። እሾሁ እዚያው ከቀረ አዲሱንም ካላማዳሪያ ይበሳዋል፣ እናንተም ሌላ 180 ትቆጥራላችሁ።

*ገዝቶ መርሳት።* ዓመት ሙሉ ያልተነካች ፖምፓ ውስጧ ያለው ጎሚኒ ይደርቃል፤ እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ይመላለሳል፣ አየር ግን አይወጣም። ይህ ሲሆን ፍቷት፣ ጎሚኒውን ጥረጉና ጥቂት የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጠዋል። ከዚያ ራሷን በአውራ ጣት ዘግታችሁ ግፉ። እጀታው እጃችሁን መልሶ ከገፋው፣ ሥራዋን ጀምራለች።